ገበሬው ለምክር ይከፍላል? ለየትኛው ምክር?

መቂ ላይ አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አውቃለሁ። ባለሱቁ ወዳጄ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የቲማቲም ገበሬ ገባ። ከኪሱ ጥቁር ፌስታል አወጣ። ውስጡ አራት አምስት የቲማቲም ቅጠል አለ። ቅጠሎቹ ተሰርስረው ነጫጭ ሆነዋል፤ ዳርዳራቸው ደርቋል። ባለሱቁ አንዱን ይዞ ወደ በሩ ብርሃን ወጣ። ገልበጥ አድርጎ አየው። «መቼ ጀመረው?» «ከተተከለ ስንት ጊዜው ነው?» «ባለፈው ምን ረጨህ?» ሦስት ጥያቄ ብቻ። ከዚያ ሁለት ጠርሙስ አወረደ። አንዱን ዛሬ ማታ፣ ሌላውን ከሳምንት በኋላ አለው። ገበሬው ከፈለ፤ መረቀና ሄደ። አምስት ደቂቃ አልሞላም።

ያ ሰው ምን ገዛ? ቢጠየቅ «መድኃኒት» ነው የሚለው። ግን ሱቁ ሲገባ የትኛውን መድኃኒት እንደሚፈልግ አያውቅም ነበር። ቲማቲሙን ምን እንደያዘውም አያውቅም። የመጣው ቅጠሉን የሚያይለት ሰው ፍለጋ ነው። የምርመራውን ዋጋ ከጠርሙሱ ጋር ደርቦ ከፈለ። በዚያ ጠዋት የመድኃኒቱን ስም ጠርቶ የገዛ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ሌሎቹ ቅጠል ይዘው፣ በስልክ ፎቶ አንስተው፣ ወይም በእጃቸው እያሳዩ «እንዲህ እንዲህ ያደርገዋል» ብለው ነው የገዙት።

ይህን የማነሳው «የእኛ ገበሬ ለምክር አይከፍልም» የሚለውን አባባል ደጋግሜ ስለምሰማ ነው። ትክክል አይመስለኝም። ገበሬው ድሮም እየከፈለ ነው። የሚከፍለው ግን ዕቃ ለሚሸጥለት ሰው ነው። ይህ ደግሞ አደጋ አለው። ኑሮው ጠርሙስ በመሸጥ ላይ የቆመ ሰው «ዛሬ ምንም አትርጭ፤ ጠብቅ» ብሎ ለመምከር የራሱን ጥቅም መተው አለበት። ወዳጄ እንዲህ ሲል ሰምቼዋለሁ። ሁሉም ግን እንደሱ አይደለም።

በአገራችን የግብርና ምክር የመንግሥት ሥራ ሆኖ ነው የኖረው። በአለማያ ኮሌጅ ተጀመረ፣ በ1950ዎቹ ወደ ግብርና ሚኒስቴር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙ እየተለወጠ እዚህ ደርሷል። ዛሬ በየቀበሌው ሦስት ባለሙያ እንዲኖር ነው የታሰበው፤ አንዱ ለሰብል፣ አንዱ ለእንስሳት፣ አንዱ ለተፈጥሮ ሀብት። ቁጥራቸው 60 ሺህ ገደማ ይሆናል። በአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ገበሬው ለዚህ አገልግሎት አምስት ሳንቲም አይከፍልም።

ነጻ ነው ማለት ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም። በጀቱን ደመወዝ ይበላዋል። ለሞተር ነዳጅ አይተርፍም። ብዙ ቦታ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ የተሠራው ቤት ተቆልፎ ነው የሚታየው። ክፍተቱን ለዓመታት ሲሞሉ ከነበሩት አንዱ የውጭ እርዳታ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ እሱ ይደግፋቸው የነበሩ የግብርና ፕሮጀክቶችም አብረው ቆሙ። ስለዚህ ጥያቄው ወደ ገበሬው ዞረ። እሱ ራሱ ይክፈል ወይ? ስንት?

ይህን ለማወቅ የሚሠሩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። የማስተርስ ተማሪዎችም ደጋግመው ይይዙታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ጠያቂው አንድ አገልግሎት ይገልጻል፤ ባለሙያ በወር ሁለት ጊዜ ማሳው ድረስ እየመጣ ሰብሉን ያይለታል እንበል። ከዚያ ዋጋ ይጠራል። 300 ብር ይላል። ሰውየው እሺ ካለ ዋጋውን ከፍ አድርጎ እንደገና ይጠይቃል። እምቢ ካለ ዝቅ ያደርጋል። የመቶዎች መልስ ይሰበሰብና በስሌት አማካይ ዋጋ ይወጣለታል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። የተማረ፣ መስኖ ያለው፣ ለገበያ የሚያመርት፣ ገቢው ሻል ያለ «እከፍላለሁ» ይላል። መሬቱ የጠበበው ያመነታል።

እኔን የሚያሳስበኝ መልሱ ከመምጣቱ በፊት ያለው ነገር ነው። አንድ ወጣት መጠይቅ ይዞ፣ ከቀበሌ ሰው ጋር ሆኖ ግቢ ይገባል። በርጩማ ይወጣለታል። ቡና ይፈላል። ቡናውን እየጠጣ «አባቴ፣ ለባለሙያ ምክር በወር 300 ብር ይከፍላሉ?» ይላል። እንግዳ ነው፤ ከሩቅ መጥቷል፤ ልጅ ነው። ይሉኝታ አለ። እምቢ ማለት እሱን ማስቀየም ይመስላል። «እከፍላለሁ እንጂ ልጄ፣ ለምን አልከፍል» ይላሉ። ከኪሳቸው ግን ምንም አልወጣም።

ጎረቤትየው ደግሞ ሌላ ስጋት አለበት። ዛሬ እከፍላለሁ ካልኩ ነገ እንደ ግብር ተጭኖብኝ ይመጣል ብሎ ያስባል። «አምስት ሳንቲም አልሰጥም» ይላል። ምክሩን ጠልቶ አይደለም። ጥናቱ ላይ ግን የመጀመሪያው 300፣ ሁለተኛው ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም መልሶች ስለ ምክሩ ዋጋ ብዙ አይነግሩንም። አንዱ ስለ እንግዳ አቀባበል፣ ሌላው ስለ ቀበሌው ነው የሚነግረን።

ከቃል ይልቅ ገንዘብ የታየበት ሙከራ ይሻላል። በሕንድ ጉጃራት ግዛት የጥጥ ገበሬዎች በስልክ የግብርና ምክር እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። ምክሩ ጠቅሟቸዋል። የሚጠቀሙትን መድኃኒትና ዘር እስከመለወጥ ደርሰዋል። ለአገልግሎቱ ለመክፈል የፈቀዱት ገንዘብ ግን ከሚፈጀው ወጪ በታች ሆኖ ተገኘ። ይህ ብዙ ሰው ያስገርማል። እኔን አያስገርመኝም። ምክር ቀምሰው የሚገዙት ነገር አይደለም። ማዳበሪያ በኩንታል ይመዘናል፤ በሬ ጥርሱ ይታያል። ምክር ግን ዋጋው የሚታወቀው ከአጨዳ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን ምርቱ የጨመረው በምክሩ ይሁን በዝናቡ መለየት ያስቸግራል።

የብር ነገርም አለ። ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከዚያ በፊት የተጠየቀ 300 ብር ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ መገመት ያስቸግራል። እኔ ብሆን በብር አልጠይቅም። «ከምርትህ ስንት ኪሎ ስንዴ ትሰጣለህ?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ገበሬው በእህል ማሰብ ያውቃል። የእኩል አራሽ ውሉ በእህል ነው። አርሲና ባሌ ላይ ኮምባይነር ሲያጭድለት ሒሳቡ የሚታሰበው በኩንታል ነው። ኮምባይነሩ ደግሞ ውድ ነው። ያም ሆኖ በአጨዳ ሰሞን ወረፋ ተይዞ ነው የሚገኘው። ለአገልግሎት መክፈል ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንዲት እናት ልውሰዳችሁ። ሰላሌ በኩል ናቸው። ሁለት የፈረንጅ ላም አላቸው። ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ፣ ባለሙያዎቹ ድራት የሚሉት፣ በጣም አጭር ነው። ከአንድ ቀን አይዘልም። ጠዋት ምልክት ካሳየች ማታ፣ ማታ ካሳየች በማግስቱ ጠዋት መዳቀል አለባት። ካመለጠ 21 ቀን መጠበቅ ነው። 21 ቀን ሙሉ ትበላለች፤ ወደ መውለድ ግን አልተጠጋችም። የሚቀጥለው ወተትም በዚያው ልክ ይርቃል።

የመንግሥት አዳቃይ ዋጋው ትንሽ ነው። ግን አንድ ሰው ለብዙ ቀበሌ ነው። ነዳጅ ያልቅበታል። እሁድ አይሠራም። ላሟ ደግሞ ቀን አትመርጥም። እኚህ እናት ስልካቸው ላይ የአንድ የግል አዳቃይ ቁጥር ይዘዋል። እሱ በብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ይከፍሉታል፤ ቅርም አይላቸውም። ሲመጣ አዳቅሎ ብቻ አይሄድም። በረቱን ያያል። ግርግሙን ያያል። «ይቺ ከስታለች፤ ፉርሽካ ጨምሩላት» ይላል። ጥጃዋን ዳበስ ያደርጋል። ያ ሁሉ ምክር ነው።

አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ ማዳቀሉ ቀርቶ እንዲሁ እየመጣ ቢመክርዎትስ ይከፍሉታል?»

ትንሽ አሰቡ። «ወሬውን ነው ሥራውን?» አሉኝ። ቀጥለውም «ወተቱን ከጨመረልኝ እከፍለዋለሁ። መጀመሪያ ይጨምርልኝ» አሉ።

ብዙ ጥናት ከሚነግረኝ በላይ ይህቺ መልስ ነግራኛለች። እኚህ እናት ለምክር መክፈልን አልጠሉም። የጠሉት እሳቸው ብቻ አደጋውን እንዲሸከሙ ነው። ምክሩ ካልሠራ መካሪው ምንም አያጣም፤ እሳቸው ግን ላሟን ያጣሉ። ስለዚህ መካሪውም አብሯቸው የሚያጣው ነገር እንዲኖር ይፈልጋሉ። ይህ ንፉግነት አይደለም። ማንም አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገው ነው።

በዚህ ዓይን ሲታይ ከዕቃ ጋር የሚመጣ ምክር ሁሉ መጥፎ አይደለም። ኢትዮ ቺክን የሚባለው የዶሮ ድርጅት የአንድ ቀን ጫጩት ለወኪሎች ይሸጣል። ወኪሎቹ አንድ ወር ተኩል ገደማ አሳድገው ለገበሬው ያከፋፍላሉ። ዶሮው ገበሬው ቤት ሄዶ ከሞተ በሚቀጥለው ዙር ማንም አይገዛቸውም። ስለዚህ ስለ መኖውና ስለ ክትባቱ የሚናገሩት ለራሳቸውም ሲሉ ነው። የቢራ ገብስም እንዲሁ ነው። ገብሱን መልሶ የሚገዛ ፋብሪካ ገበሬው ጥሩ እንዲያመርት ይፈልጋል። የመድኃኒት ሱቁ ጋር ነገሩ ይለያል። ባለሱቁ የሚያተርፈው ተባዩ ሲበዛ ነው። አንድ ምክር ከዕቃ ጋር ቢታሰርም ባይታሰርም፣ እኔ የማየው ገበሬው ሲቀናው መካሪው አብሮ ይቀናዋል ወይ የሚለውን ነው።

የመንግሥቱ ምክር እዚህ ላይ ከባድ ታሪክ አለበት። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ሲሰጥ የነበረው የማዳበሪያ ምክር በአብዛኛው አንድ ነበር፤ ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። መሬቱ ጥቁር ይሁን ቀይ፣ ደጋ ይሁን ወይና ደጋ፣ መልሱ ያው ነው። ቆይቶ የአፈር ጥናት ተካሄደና ዳፕ ኤንፒኤስ በሚባል ሌላ ማዳበሪያ ተተካ። ነገሩ ትንሽ ተሻሻለ። ነገር ግን ለሁሉም አንድ ለሆነ ምክር ማን ይከፍላል? ጎረቤቱ ከሰማ እሱም ሰማ። አንድ ጊዜ በደቦ ላይ ከተወራ የቀበሌው ሁሉ ነው። ገበሬው ሊከፍልበት የሚችለው የእሱን ማሳ፣ የእሱን ላም፣ የዛሬን ቀን የሚመለከተውን ነው። የጎረቤቱ ወሬ እዚያ ላይ አያገለግለውም።

ከዚህም የሚብስ አለ። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሚባል የውጭ ድርጅት በግማሽ ሄክታር ሰርቶ ማሳያዎች ጥሩ ውጤት አሳየ። ከሁለት ዓመት በኋላ መንግሥት ያንን በአገር አቀፍ ደረጃ አስፋፋው። ገጠር ውስጥ «ፓኬጅ» እየተባለ የሚታወቀው እሱ ነው። ገበሬው የማዳበሪያውንና የዘሩን ዋጋ ከፊሉን ቀድሞ ከፍሎ ቀሪውን በብድር ይወስዳል። ብድሩ ሲደርስ ማን ይሰብስብ? የልማት ሠራተኛው፣ ማለትም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ከሰብሳቢዎቹ አንዱ ሆነ። ሰኞ ዋግ ስለሚባለው የስንዴ በሽታ ሊያስተምር ይመጣል። ማክሰኞ ዕዳ ሊጠይቅ ይመጣል። ረቡዕ ለስብሰባ ሊጠራ ይመጣል። ገበሬው ከሩቅ ሲያየው ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም።

ልማት ሠራተኞቹን መውቀሴ አይደለም። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ በትንሽ ደመወዝ፣ በእግራቸው፣ ውሃና መብራት በሌለበት ነው የሚሠሩት። ገበሬው የሚወዳቸው ብዙ አሉ። ለአንዳንዱ ከኪሱ የሞተር ነዳጅ የሚገዛለት ገበሬ አለ። ያም ክፍያ ነው። ደረሰኝ የለውም እንጂ።

8028 የሚባለው የስልክ መስመር ከእነዚህ ሸክሞች ነጻ የሆነ ነገር ነበር። በ2006 ዓ.ም. ተጀመረ። ገበሬው በነጻ ይደውላል፤ ስለ ሰብሉ የተቀዳ ድምፅ በቋንቋው ይሰማል። ሚሊዮኖች ደውለውበታል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማንም ሳያስገድደው ስልኩን አንስቶ ምክር የፈለገ ሕዝብ ነው። የተቀዳ ድምፅ ግን ያንን ፌስታል ውስጥ ያለ ቅጠል ማየት አይችልም። ገበሬው በሱቁ በር ብርሃን ያገኘው ነገር እዚያ የለም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት ነጻ ሆኖ ይቀጥል ባይ ነኝ። አንድ ተጨማሪ ሰው ቢሰማው የሚጨምረው ወጪ ኢምንት ነው።

ሁሉንም ለገበያ እንተወው የሚሉ ሰዎችን ኡጋንዳን እዩ እላቸዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 ናድስ የሚባል የግብርና ምክር ሥርዓት አቋቁማ ነበር። የገበሬ ቡድኖች የሚፈልጉትን ምክር ራሳቸው ይመርጣሉ፤ የግል አማካሪዎች በውል ይቀጠራሉ፤ ገበሬዎቹም ከወጪው ጥቂቷን ያዋጣሉ። ሐሳቡ ያምራል። እየቆየ ግን ዘርና እንስሳ ማደሉ ምክሩን ዋጠው። ምርጫ ላለበት ፖለቲከኛ ጥጃ ማደል ከምክር ይልቅ ይታይለታል። እ.ኤ.አ. በ2014 ዕደላው ለጦር ሠራዊቱ ተሰጠ። በነጻ ጥጃ በሚታደልበት መንደር ለምክር ክፈል ቢሉት ሰውየው ለምን ይከፍላል?

አንዳንድ ምክር ደግሞ በጭራሽ መሸጥ የለበትም። የስንዴ ዋግን አስቡት። በ2003 የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ኩብሳ የሚባለውን ዝርያ አጥቅቶ ብዙ ማሳ አጥፍቷል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ግንድ ዋግ መጣና አርሲና ባሌ ላይ ዲጋሉ የሚባለውን የስንዴ ዝርያ መታ። ዋግ በንፋስ ነው የሚሄደው። የከፈለ ብቻ ማስጠንቀቂያ ቢደርሰው፣ ያልከፈለው ጎረቤት ማሳ ውስጥ የተራባው ዋግ ተመልሶ የከፈለውን ያጠፋዋል። በ2009 ዓ.ም. የገባው መጤ ተምችም እንዲሁ ነው፤ አንበጣም። እነዚህን መከታተል የመንግሥት ሥራ ነው።

ጥማድ ተኩል መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ ዘርቶ የቤቱን ቀለብ ለማድረስ የሚታገለውን ሰውም ክፈል ማለት አይገባም። የአብዛኛው ገበሬ መሬት ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ባል የሞተባት፣ መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ሴት ደግሞ በነጻውም ዘመን ባለሙያ ደጇን እምብዛም አልረገጠም። በገንዘብ ከሆነማ ጨርሶ አይመጣላትም። ይህ ነገር ሲነሳ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይታለፋል። እኔ ግን ማንኛውም የክፍያ ሥርዓት መጀመሪያ መመለስ ያለበት ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። ከአትክልትና ከወተት የሚገኘው ክፍያ ለእሷ የሚመደበውን ባለሙያ ጊዜ ካላስተረፈ ጥቅሙ አይታየኝም።

መክፈል የሚችለውም ቢሆን መቼ ነው የሚችለው? ምክር የሚፈለገው ሐምሌና ነሐሴ ነው። አረሙ የሚወጣው፣ ዋጉ የሚጀምረው፣ ዩሪያው የሚበተነው ያኔ ነው። ጎተራው የሚጎድለውም ያኔ ነው። ማዳበሪያውን ለመግዛት በግ ሸጧል። ጥርና የካቲት ላይ ደግሞ ገንዘብ አለ፤ ምክር የሚጠይቅበት ጉዳይ ግን የለም። በነሐሴ «ትከፍላለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰውና በጥር የተጠየቀው ሰው አንድ ሰው ቢሆንም መልሱ አንድ አይሆንም። ጠያቂዎቹ የጠየቁበትን ወር ቢያስቡበት ጥሩ ነው። ክፍያ የሚያስቡትም ከአጨዳ በኋላ፣ ምርቱ ሲሸጥ እንዲቀነስ ቢያደርጉት ይሻላል።

ለዚህ የሚሆን መንገድ አለ። የሰላሌዋ እናት ወተታቸውን የሚያስረክቡት ለማኅበር ነው። ማኅበሩ በየ15 ቀኑ ሒሳብ ያስባል። «ከእያንዳንዱ ሊትር ሃምሳ ሳንቲም ተቀንሶ፣ በረት ለበረት የሚዞር አንድ ባለሙያ ቢቀጠርስ?» አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። በቀን 20 ሊትር ያስረክባሉ። በወር 600 ሊትር። 300 ብር ይመጣል።

«ላሟ በነጠፈች ወርስ?» አሉ።

«ወተት ከሌለ ክፍያም የለም።»

«እንዲህ ከሆነ እሺ። የሚቀጠረውን ሰው ግን እኛ እንምረጠው። ሦስት ወር ይሞከር፤ ካልሆነም እኛው እናሰናብተው።»